የሙዚየም ሠራተኞችን በአንደኛ መደብ ለሚቀርብ የሕያው ታሪክ ገለጻ ማሠልጠን፦ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ — የሥልጠና አስተባባሪ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣

የምሠራበት ሙዚየም አንድ የጥንት ገበሬ መኖሪያ ግቢን ከነማእድ ቤቱ፣ ከነአንጥረኛ ቤቱና ከነጎተራው ጠብቆ ለሕዝብ ያሳያል። እስካሁን ድረስ አስጎብኚዎቻችን በዛሬው ልብሳቸውና በዛሬው አነጋገራቸው «በዚያ ዘመን ሰዎች እንዲህ ያደርጉ ነበር» እያሉ ሲያስረዱ ቆይተዋል። ከመጪው የጉብኝት ወቅት ጀምሮ ግን የተወሰኑት ሠራተኞች የዘመኑን ልብስ ለብሰው፣ የዘመኑ ሰው ሆነው፣ «እኔ»፣ «ቤቴ»፣ «ልጆቼ» እያሉ ከጎብኚው ጋር እንዲነጋገሩ ተወስኗል። እነሱን የማሠልጠኑ ኃላፊነት ለእኔ ስለተሰጠ፣ በዚህ መንገድ የሠራችሁትን ምክር ለመጠየቅ እወዳለሁ።

ሠልጣኞቼ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ለረጅም ጊዜ በአስጎብኚነት ያገለገሉና የእያንዳንዱን ዕቃ ታሪክ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሲሆኑ፣ ሌላ ሰው ሆኖ መናገር ግን ያሳፍራቸዋል፤ «ይህ የተዋናይ ሥራ እንጂ የእኛ አይደለም» የሚል ስሜትም አላቸው። ሌሎቹ በትያትር ያለፉ ወጣቶች ናቸው። በሰው ፊት ለመቆም አይቸገሩም፤ ታሪኩን ግን ገና አላወቁትም፣ የማያውቁትን ሲጠየቁም ክፍተቱን በፈጠራ መሙላት ይቀናቸዋል። ይህ ሁለተኛው ነገር የበለጠ ያስጨንቀኛል፤ ምክንያቱም ጎብኚው የሰማው ነገር በሰነድ የተደገፈ ይሁን በዚያች ቅጽበት የተፈጠረ ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በተለይ ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው። ለሠልጣኞቹ የሚሸመደድ ጽሑፍ ማዘጋጀት ይገባኛል ወይስ አይገባኝም? ጎብኚው ገጸ ባሕርዩ በምንም መንገድ ሊያውቀው የማይችለውን የዛሬ ነገር ሲጠይቅ ምን ይባላል? በግቢው ውስጥ ያለ ፈቃዳቸው የሚሠሩ፣ ነፃነት ያልነበራቸው ሰዎችም ኖረዋል፤ የእነሱን ሕይወት «እኔ» ብሎ የሚናገር ሠራተኛ እንዴት ይዘጋጃል? ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

መልስ — የልምምድ መሪ

በመጀመሪያ ሥራው ከትያትር የሚለይበትን ነጥብ ለሁለቱም ወገኖች ግልጽ ያድርጉላቸው፤ ነባሮቹ የሚያፍሩትም፣ ወጣቶቹ የሚፈጥሩትም ይህ ስላልተነገራቸው ነውና። በትያትር ቤት ተመልካቹ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ተዋናዩም ቀጥሎ የሚባለውን ያውቃል። እዚህ ግን የንግግሩን ግማሽ የያዘው ጎብኚው ነው፤ ምን ብሎ እንደሚጀምር፣ ወዴት እንደሚወስደው፣ መቼ ትቶ እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የሚሸመደድ ጽሑፍ አይስጧቸው። ጽሑፍ የሸመደደ ሠራተኛ ጎብኚውን የሚሰማው ጽሑፉን ማስገባት የሚችልበትን ቀዳዳ ፍለጋ ነው፤ ጎብኚውም ይህን ወዲያው ያውቀዋል።

በጽሑፉ ቦታ የሚተካው ዕውቀት ነው። ይህ ዕውቀት ግን አስጎብኚዎችዎ ካላቸው ይለያል። አስጎብኚ ዘመኑን ከላይ ሆኖ ስለሚያይ ጦርነቱ በማን ድል እንደተፈጸመ፣ በሽታው መቼ መድኃኒት እንደተገኘለት፣ ግቢው በማን እጅ እንደገባ ያውቃል። የዘመኑ ሰው ነገ የሚሆነውን አያውቅም፤ ትናንት የሆነውንም ቢሆን የሰማው ከጎረቤት፣ ከገበያ ወይም ከመንገደኛ ነው፣ የሰማውም አንዳንዱ ስሕተት ነው። ለነባሮቹ አስጎብኚዎች ከባዱ ትምህርት የሚያውቁትን ነገር አለማወቅን መለማመድ ነው፤ ይህን ሲረዱት ግን ከማንም ይልቅ ይበረታሉ፤ ምክንያቱም ምን ማስቀረት እንዳለባቸው የሚያውቀው ሙሉውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ለዚህ ሲባል አንድ ዓመት፣ ከተቻለም የዓመቱን ወቅት ቆርጠው ይወስኑ። «የ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ» የሚባል ቀን ላይ የኖረ ሰው የለም። ዓመቱ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በዕቃዎች ላይ ማየት ይቻላል። ሲጫር የሚነድ ክብሪት በእንግሊዛዊው ጆን ዎከር ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1827 ስለሆነ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ የ1820 ገጸ ባሕርይ እሳት የሚያነሣው በባልጩትና በብረት ነው፣ ወይም ከጎረቤት ፍም ይለምናል። ፎቶግራፍ ለዓለም ይፋ የሆነው በ1839 ነው። ጎብኚው ስልኩን አንሥቶ «ላንሣሽ?» ሲል፣ የ1830ዋ ሴት ጥያቄው ምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም፤ በ1850 ከተማ የደረሰች ሴት ግን ሰው ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦ ምስሉ በብረት ሰሌዳ ላይ እንደሚቀር ሰምታ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ መልሶች ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፣ ሁለቱም ጎብኚውን አንድ ነገር ያስተምሩታል።

በዚህ ረገድ ብዙ የሚጠቀሰው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በፕሊመዝ ከተማ ያለው ሙዚየም ነው። በ1947 ተቋቁሞ ለረጅም ጊዜ ፕሊመዝ ፕላንቴሽን ሲባል ቆይቶ፣ ከ2020 ወዲህ ፕሊመዝ ፓቱክሰት ይባላል። በዚያ ያገለገለው የአርኪዮሎጂ ምሁር ጄምስ ዲትዝ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሰው መስለው የቆሙት አሻንጉሊቶችና ጥንታዊ ዕቃዎቹ ከቤቶቹ ወጥተው በእጅ ሊነኩና ሊሠራባቸው በሚችሉ ቅጂዎች እንዲተኩ አደረገ። በ1978 ደግሞ የመንደሩ ሠራተኞች በአንደኛ መደብ መናገር ጀመሩ። የሚያሳዩት ከእንግሊዝ የመጡ ሰፋሪዎች የኖሩበትን የ1627 መንደር ነበር። ከዚያ ዓመት አንድ ድንቅ ሰነድ ቀርቷል፤ ሰፋሪዎቹ ከብቶቻቸውን ሲከፋፈሉ በ12 ቡድን፣ በእያንዳንዱ ቡድን 13 ሰው ሆነው የተመዘገቡበት ዝርዝር ነው፤ ወንዱም፣ ሴቱም፣ ሕፃኑም በስሙ ተጽፎበታል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ላለው አሠልጣኝ ሥራው በግማሽ ቀለለ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ማን ጎረቤቱ እንደነበረ፣ ከማን ጋር ላም እንደሚጋራ ያውቃልና። እርስዎም በግቢዎ ሰነዶች ውስጥ የግብር መዝገብ፣ የውርስ ክፍፍል ወይም የጋብቻ ውል ካለ፣ የገጸ ባሕርያቱን ዓመት ሰነዱ ወደሚበዛበት ዓመት ቢያስጠጉት እመክራለሁ።

ስለ ፈጠራው ያለዎት ጭንቀት ተገቢ ነው። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ መዝገብ ይከፈት፤ በመዝገቡም ውስጥ በሰነድ የተረጋገጠው፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ከኖሩ ሰዎች ሕይወት የተገመተው፣ ሙዚየሙ አምኖበት ለአቀራረብ ሲል የጨመረው ተለያይተው ይጻፉ። ሠልጣኙ ከእነዚህ ውጭ ያለ ነገር ሲጠየቅ የሚጠለልበት ሐቀኛ መልስ አለው፤ ያም የዘመኑ ሰው አለማወቅ ነው። «ሂሳቡን የሚይዘው ወንድሜ ነው፣ እሱን ይጠይቁት»፣ «እኔ ከወንዙ ማዶ ተሻግሬ አላውቅም»፣ «አባቴ ስለዚያ ነገር አይናገርም ነበር» የሚሉት መልሶች ሁሉ እውነተኛ ሰው የሚሰጣቸው ናቸው። በትያትር ያለፉት ሠልጣኞችዎ ጸጥታና «አላውቅም» ማለት ትዕይንቱን የሚገድለው ይመስላቸዋል፤ ይህን ስሜት ከውስጣቸው ማውጣት የሥልጠናው ትልቁ ክፍል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሥልጠናው መጀመሪያ ላይ ማንም አይናገር፤ ሁሉም ይሥራ። አንጥረኛውን የሚወክለው ወናፉን እንዴት እንደሚነፋና ብረቱ በምን ቀለም ሲግል ለመዶሻ እንደሚደርስ እጁ ይወቅ፤ ማእድ ቤት ያለችው ጭሱን ትልመደው። ሥራ የያዘ እጅ ዐይነ አፋሩን ሠራተኛ ከማፈር ያድነዋል፤ ጎብኚውንም «ምን እየሠራሽ ነው?» ለሚል ጥያቄ ይጋብዘዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ንግግር ከሥራው ስለሚነሣ ስብከት አይሆንም።

መልስ — በትያትር ያለፈች አሠልጣኝ

በልምምድ መሪው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ተዋንያን በዚህ ሥራ ላይ የሚያመጡትን ጥቅምም ግን መርሳት አይገባም። ድምፅ ሳይጎዳ ቀኑን ሙሉ መናገር፣ ሰው ሲሰበሰብ መቆሚያን ማስተካከል፣ የሌላውን ንግግር ተቀብሎ ማስቀጠል በልምምድ የሚገኙ ችሎታዎች ናቸው፤ ነባሮቹ አስጎብኚዎች እነዚህን ከወጣቶቹ ሊማሩ ይችላሉ። ስለዚህ ልምምዱ ላይ አንድ ነባርና አንድ ወጣት ተጣምረው ቢሠሩ ይመረጣል።

ልምምዱን የማካሂደው ሦስት ሰው በአንድ ላይ በማድረግ ነው። አንዱ ገጸ ባሕርዩ፣ አንዱ ጎብኚ ይሆናሉ፤ ሦስተኛው የገጸ ባሕርዩን መዝገብ ይዞ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። የሦስተኛው ሰው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ዕውቀቱ ያለቀበትን ቦታ ይጽፋል። ስለ አቀራረቡ አስተያየት አይሰጥም። ሲጨርሱ ሦስቱም ወደ ሰነዱ ይመለሱና የጎደለውን ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ። እንዲህ ሲሆን ልምምዱ ራሱ የምርምር ሥራ ይሆናል፣ ማንም በማንም ፊት አይዋረድም።

በዚህ ልምምድ ደጋግሞ የሚታየውን አንድ ነገር ላሳያችሁ። አንዲት ሠልጣኝ እህል እየለቀመች የቤቱ እመቤት ሆና ተቀምጣለች። ጎብኚ የሆነችው ባልደረባዋ «ስንት ልጆች አሉሽ?» ትላታለች። «አምስት ወልጄ ሦስት ቀርተውልኛል።» «ሁለቱ ምን ሆኑ?» ሠልጣኟ በዚህ ጊዜ ቀና ብላ «በዘመናችን የሕፃናት ሞት እጅግ ከፍተኛ ነው፤ ንጹሕ ውኃ ስለሌለ በሽታ ይስፋፋል» ብላ ማስረዳት ትጀምራለች። ይህ የአስጎብኚ መልስ ነው፤ «በዘመናችን» ብላ ስለ ሞቱ ልጆቿ የምትናገር እናት የለችም፤ በተጨማሪም ገጸ ባሕርይዋ በ1850 የምትኖር ከሆነ ስለ ጀርም ልታውቅ አትችልም። ጆን ስኖው የለንደኑን የኮሌራ ወረርሽኝ ከውኃ ጋር ያያያዘው በ1854፣ ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ያስታወቀው በ1882 ነው። በድጋሚ ስትሞክረው ግን እህሉን መልቀሟን ሳታቋርጥ፣ «ትልቁን በትኩሳት አጣሁት። ከረግረጉ የሚነሣው መጥፎ አየር ነው አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ መስኮቱን እዘጋለሁ» ትላለች፤ ትንሽ ቆይታም «ያንቺስ ልጆች ደኅና ናቸው?» ብላ ትጠይቃለች። ጎብኚዋ አሁን የምትመልሰው ስለ ራሷ ሕይወት ነው። የዘመኑ ሰዎች በሽታን እንዴት ይረዱት እንደነበር የተነገራት በአንድ መስኮት ነው፤ አትረሳውም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ግዴታ አለ። ገጸ ባሕርይዋ በቅን ልብ የተናገረችው ነገር በዛሬው ዕውቀት ስሕተት ስለሆነ፣ ጎብኚው መጥፎ አየር ወባንና ኮሌራን ያመጣል ብሎ አምኖ መሄድ የለበትም። ከቤቱ ሲወጣ የዛሬ ልብስ የለበሰ አስጎብኚ ወይም አጭር ጽሑፍ የሚያስተካክልለት ሊኖር ይገባል። ይህን ሳያዘጋጁ በአንደኛ መደብ መናገር መጀመር ተገቢ አይመስለኝም።

የዛሬ ጥያቄዎችን በተመለከተ መመሪያዬ አጭር ነው፤ ጎብኚው አይሸነገል፣ አይሳቅበትም። የእጅ ሰዓቱን አይቶ «ይህ ምን ዓይነት ጌጥ ነው?» እያሉ ለእያንዳንዱ ሰው መገረም ለሠራተኛው ቀላል ነው፤ ለጎብኚው ግን ሞኝ መደረግ ነው፣ ታሪክም አይማርበትም። መፀዳጃ ቤቱ የት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው «ከበሩ ወጥተው በስተግራ» ተብሎ ይነገረው፣ ጭውውቱም ይቀጥል። «እውነት እዚህ ነው የምትኖሪው?» ብሎ የሚጠይቅ ሕፃን ደግሞ የሚፈልገው ነገር አለ፤ የምትተኛበትን ቦታ አሳዩት፣ ወዲያው ወደ ጨዋታው ይገባል። በሕፃኑ ፊት ፍርሃት ከታየ ግን ያለማመንታት ከገጸ ባሕርዩ መውጣት ያስፈልጋል።

ከገጸ ባሕርይ መውጣት ራሱ ልምምድ ይፈልጋል። የታመመ ሰው፣ የጠፋ ልጅ፣ እሳት፣ መውደቅ ባለበት ጊዜ ሠራተኛው ወዲያውኑ በራሱ ስምና በዛሬው አነጋገር መናገር አለበት፤ የዘመኑን ሰው ሆኖ «እርዱ!» ብሎ የጮኸ ሠራተኛ የትዕይንቱ ክፍል መስሎ ሊታይና ማንም ሳይንቀሳቀስ ሊቀር ይችላል። ለዚህ አንድ የታወቀ ምልክት ይኑር፤ ለምሳሌ የራስ መሸፈኛን አውልቆ መያዝ። መስማት ለሚቸገር፣ ቋንቋውን በደንብ ለማይረዳ ወይም «እባክዎ በዛሬው አነጋገር ያስረዱኝ» ለሚል ጎብኚም ይኸው ምልክት ያገለግላል። ባልደረቦቹም ሲያዩት እሱን ከማደናገር ይቆጠባሉ።

መልስ — የሰነድና የምርምር ክፍል

ከላይ የተሰጡት ምክሮች ጠቃሚ ናቸው፤ እኔ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሼ አንደኛ መደብ ለሁሉም ገጸ ባሕርይ ይስማማል ወይ የሚለውን ማንሣት እፈልጋለሁ፤ የጠያቂው ሦስተኛ ጥያቄ መልስ ያለው እዚያ ነውና።

ሕያው ታሪክ የሚባለው አሠራር ሁሉ በአንደኛ መደብ የሚቀርብ አይደለም። አርተር ሃዘሊዩስ በ1891 በስቶክሆልም ስካንሰንን ሲከፍት፣ ከየአውራጃው ተነቅለው በመጡ ቤቶች ውስጥ ባህላዊ ልብስ የለበሱ ሰዎችንና የእጅ ሥራዎችን አኖረ፤ የዚህ ሐሳብ መነሻ ጎብኚው ቤትንና ሥራን በአንድ ላይ እንዲያይ ማድረግ ነበር። በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የቢሚሽ ሙዚየም ሠራተኞች ዛሬም የዘመኑን ልብስ ለብሰው በአብዛኛው እንደ ዛሬ ሰው ነው የሚናገሩት። ይህ መንገድ ሠራተኛው ያለፈውን ከዛሬ ጋር እንዲያነጻጽር፣ ሰነዶች የማይስማሙበትን ነጥብ እንዲያነሣ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዲናገር ያስችለዋል። በአንደኛ መደብ የሚናገር ሰው እነዚህን ሁሉ ያጣል። የሚያተርፈው ቅርበትን ነው፤ ቅርበቱ ለየትኛው ታሪክ እንደሚያስፈልግ ግን በየገጸ ባሕርዩ መወሰን ይኖርበታል።

ቀደም ብሎ በተጠቀሰው በፕሊመዝ ሙዚየም ያለውን አሠራር ልብ ይበሉ። የእንግሊዛውያኑን መንደር የሚወክሉት ሠራተኞች በአንደኛ መደብ ሲናገሩ፣ የአካባቢው ነባር በሆነው በዋምፓኖአግ ሕዝብ መኖሪያ ያሉት የቀደምት ሕዝቦች ተወላጆች ግን የአያቶቻቸውን ልብስ ለብሰው የአያቶቻቸውን ሥራ እየሠሩ እንደ ዛሬ ሰው ይናገራሉ። ጎብኚው ሕዝቡ ዛሬም ያለ መሆኑን ከራሳቸው አንደበት ይሰማል፤ በሕዝቡና በሰፋሪዎቹ መካከል የተፈጸመውን ነገር በሙሉ፣ ከ1627 በኋላ የሆነውንም ጭምር፣ ሊጠይቃቸው ይችላል። ሕመሙ እስከ ዛሬ ላለ ታሪክ ይህ መንገድ ሳይበልጥ አይቀርም ብዬ አምናለሁ።

በሌላ በኩል በአንደኛ መደብ የቀረበ ሕመም ያለው ኃይል የሚካድ አይደለም። በቨርጂኒያ የሚገኘው ኮሎኒያል ዊሊያምስበርግ በጥቅምት ወር 1994 የባሪያዎች ጨረታን በአደባባይ አሳየ። ዝግጅቱን የመራችው የሙዚየሙ የአፍሪካ አሜሪካውያን ክፍል ኃላፊ የነበረችው ክሪስቲ ኮልማን ስትሆን፣ ራሷም ከሚሸጡት ሰዎች መካከል አንዷ ሆና ቀርባለች። የመብት ተሟጋች ድርጅቶች አስቀድመው ተቃወሙ፤ የሕዝቡ ስቃይ ለመዝናኛ ይውላል ብለው ሰግተው ነበር። ስጋቱ መሠረት የነበረው ነው፤ ሆኖም በስፍራው ከተገኙት ተቃዋሚዎች መካከል ትዕይንቱን ተመልክቶ ሐሳቡን የለወጠ ሰውም ነበር። ከዚህ ታሪክ ለአሠልጣኝ የሚጠቅመው ነገር ውሳኔው የመጣው ከማን እንደሆነ ማየት ነው፤ ሐሳቡን የያዙት የሕዝቡ ተወላጆች የሆኑ፣ በሙያው የበሰሉ ሰዎች ናቸው፤ ከላይ በትእዛዝ የወረደባቸው ሠራተኞች አይደሉም።

ስለዚህ በግቢዎ ነፃነት ያልነበራቸውን ሰዎች በተመለከተ የምመክረው ይህን ነው። ሚናው በፈቃድ ብቻ ይያዝ፤ የሚይዘውም ሰው በማናቸውም ቀን፣ ምክንያት ሳይጠየቅ፣ «ዛሬ በሦስተኛ መደብ (‹እነሱ› እያልኩ፣ እንደ ዛሬ ሰው) እናገራለሁ» የማለት መብት በጽሑፍ ይሰጠው። ለብቻው አይቆም፤ የዛሬ ልብስ የለበሰ ባልደረባ ሁልጊዜ በአቅራቢያው ይኑር፤ ምክንያቱም ጎብኚዎች በጨዋታ መልክ ትእዛዝ የሚሰጡበት፣ የሚያዋርድ ቃል የሚወረውሩበት ጊዜ አለ፤ ይህን መከላከል ሚናውን በያዘው ሰው ላይ ሊጣል አይገባም። ከእያንዳንዱ ቀን ሥራ በኋላ ልብሱን አውልቆ፣ ቁጭ ብሎ የዋለበትን የሚናገርበት የተከፈለበት ሰዓት ይመደብለት። ሙዚየሙ ይህን ሰዓት መክፈል ካልቻለ ሚናውን አያቅርበው። የታሪኩ ተወላጆች በአቅራቢያ ካሉም መዝገቡ ሳይዘጋ ያንብቡት።

ተጨማሪ ጥያቄ — የሥልጠና አስተባባሪ

ስለ ሰፊው ምላሽ ከልብ አመሰግናለሁ። ሚናን በፈቃድ ብቻ ስለማድረግ የተባለውን ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ ከሥልጠናው በፊት መወሰን ያለበት ነገር መሆኑን አሁን ተረድቻለሁ።

ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። አንደኛ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ግማሹ ሠራተኛ በአንደኛ መደብ፣ ግማሹ በሦስተኛ መደብ የሚናገር ከሆነ ጎብኚው አይደናገርም ወይ? ሁለተኛ፣ አንድ ሠልጣኝ ብቁ ሆኗል የሚባለው በምንድን ነው? አስተዳደሩ የምዘና መንገድ እንዳቀርብ ጠይቆኛል፤ የጎብኚ ብዛትና የጭብጨባ ድምፅ መመዘኛ እንዲሆን ደግሞ አልፈልግም።

መልስ — የልምምድ መሪ

መደናገሩ የሚመጣው ሳይነገር ሲቀር ነው። በግቢው መግቢያ ላይ የቆመ ሰው ለእያንዳንዱ ጎብኚ በአፉ ይንገር፤ «በቤቶቹ ውስጥ የሚያገኟቸው ሰዎች በዚህ ዓመት ይኖራሉ፤ ስለ ሕይወታቸው የፈለጉትን ይጠይቋቸው። ግቢው ውስጥ እንደ እኔ የለበሱትን ደግሞ ከዚያ በኋላ ስለሆነው ይጠይቁ።» ልብሱ ምልክት ይሁን፤ የዘመኑን ልብስ የለበሰ ሁሉ በአንደኛ መደብ፣ የዛሬን የለበሰ ሁሉ በሦስተኛ መደብ ይናገር። የሰነድ ክፍሉ ባልደረባችን የጠቀሱት ዓይነት፣ የዘመኑን ልብስ ለብሶ እንደ ዛሬ ሰው የሚናገር ሠራተኛ ካለዎት፣ እሱ የሚሠራበት ቤት የተለየ ይሁንና በሩ ላይ ይገለጽ። ብዙ ጎብኚዎች የሚቸገሩት ደግሞ ምን ብለው እንደሚጀምሩ ስለማያውቁ ነው፤ ዝም ብለው በር ላይ የሚቆሙት ፍላጎት አጥተው ሳይሆን የማያውቁትን ሰው ቤት ሰብረው የገቡ ስለሚመስላቸው ነው። በመግቢያው ላይ ያለው ሰው አንድ ጥያቄ ቢያስይዛቸው፣ በቤቱ ውስጥ ያለውም ቀድሞ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢል ችግሩ ይቃለላል።

ስለ ምዘናው፣ ጭብጨባን መመዘኛ ያለማድረግዎ ትክክል ነው። እኔ የምመለከተው ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው የጥያቄ ፈተና ነው፤ በመዝገቡ ካለው ጥያቄ ጥቂት፣ ከመዝገቡ ውጭ ካለው ደግሞ ብዙ ይጠየቅና፣ ሠልጣኙ ሳይፈጥር እንዴት እንደተወጣው ይታያል። ሁለተኛው ሠልጣኙ የማያውቀው ሰው እንደ ጎብኚ ገብቶ ሲያነጋግረው ማን ይበልጥ እንደተናገረ ማየት ነው፤ ጎብኚው ብዙ ከተናገረ ሠልጣኙ እየተሳካለት ነው። ሦስተኛውና ሁሉም የግድ ሊያልፈው የሚገባው፣ በጭውውቱ መሐል በድንገት «አንድ ሰው ወድቋል» ሲባል ከገጸ ባሕርዩ ለመውጣት የወሰደበት ጊዜ ነው። በዚህኛው ያመነታ ሠራተኛ በሌላው የቱንም ያህል ቢያምር ለጎብኚ አይቅረብ።

ምዘናው በአንድ ጊዜ አያብቃ። ሠራተኛው ሥራ ከጀመረ በኋላ በየቀኑ ያልመለሳቸውን ጥያቄዎች የሚጽፍበት ደብተር በልብስ መቀየሪያው ክፍል ይቀመጥ፤ የምርምር ክፍሉም በየሳምንቱ ወስዶ መልስ ይፈልግላቸውና መዝገቡን ያድስ። የዘዬ ጉዳይም ይነሣ ይሆናል፤ የዘመኑን አነጋገር አጥንቶ የሚያስተምር የቋንቋ ባለሙያ ከሌለዎት አያስገድዷቸው፤ በግምት የተኮረጀ ዘዬ ጎብኚው ከሚነገረው ነገር ይልቅ አፉን እንዲመለከት ያደርገዋል፤ በራስ አነጋገር፣ የዛሬን ቃላት ብቻ እያስቀሩ መናገር ይበቃል።

ለመክፈቻው ወቅት ሁሉንም ቤት በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። ማእድ ቤቱን ብቻ ይውሰዱ፤ አንዲት ነባር አስጎብኚና አንድ ወጣት በአንደኛ መደብ፣ በሩ ላይ አንድ ባልደረባ በዛሬ ልብስ ይሁኑ። በቀን ውስጥም ቦታ ይቀያየሩ፤ ከጥቂት ሰዓታት በላይ ሌላ ሰው ሆኖ መነጋገር ያደክማል፣ የደከመ ሰውም የሚመልሰው ከሰነዱ ሳይሆን ከአፉ የመጣለትን ነው። አንጥረኛ ቤቱን የሚከፍቱት የማእድ ቤቱ ደብተር አዲስ ጥያቄ ማምጣት ሲያቆም ቢሆን ይሻላል።